ሞተሩን ዝም ያሰኘው ቃጫ

የቡታጅራ ሰው ከድሮ የተባለውን ጎረቤቱን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ለአንድ አርመን ነጋዴ የመኪና ረዳት ሆኖ ስድስት ዓመት ሲሠራ ፊደል አልቆጠረም፤ የሞተርን ሳል ግን ከነዓይነቱ ይለያል። «የሚስቱን ጩኸት አይሰማም፣ ቆሼ ከተማ ላይ መኪና ሲያቃስት ግን ይሰማል» ይሉታል ጎረቤቶቹ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ አስጠሩት። የጣሊያኑ አዛዥ የማሬሻሎው ካሚዮን፣ የጭነት መኪናው፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። ሾፌሩ ቢላንቼሪዎቹን፣ ማለትም የሞተሩ መተንፈሻ በሮች የሆኑትን ቫልቮላዎች ከላይ እየተጫኑ የሚከፍቱትን ክንዶች፣ ፈታትቶ ሳይመልሳቸው ወባ ጣለችው።

«ግጠምና አጥብቅ ይልሃል» አለ አስተርጓሚው ገብረወልድ። «ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ካለ አበላሸኸው ማለት ነው። መንገድ ላይ ከቆመም አበላሸኸው ማለት ነው። ያለፈው ወር ሾፌር ምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

ያውቃል። ሰውዬው በተሰቀለበት ዋርካ ሥር አልፎ የማያውቅ ማን አለ?

ነገሩ ጉድ ነው። በክንዱና በቫልቮላው መሀል ምላጭ የምታልፍበት ክፍተት ካልቀረ፣ ሞተሩ ሲግል ቫልቮላው አልገጥም ብሎ ይቃጠላል። ክፍተቱ ካለ ደግሞ ቀጭ ቀጭ ማለቱ አይቀርም። ጤነኛ ሞተር ያወራል፤ ማሬሻሎው ወሬ አይወድም።

«ትንሽ ድምፅ ጤናው እንደሆነ ንገርልኝ፣ አቶ ገብረወልድ።»

«ነገርኩት። ሁለታችንንም በአንድ ገመድ አለኝ።»

ከድሮ ክንዶቹን አንድ በአንድ ገጠመ። ምላጯን አስገብቶ ብሎኑን በካቻቢቴ ያዞራል፤ ምላጯ ያዝ ስትል ዳዶውን ያጠብቃል። ማሬሻሎው ሰዓቱን ያያል። ከድሮ ክፍተቱን ቢደፍነው አሁን ይድናል፣ መንገድ ላይ ሞተሩ ሲቆም ግን ይሰቀላል። አልደፈነውም። ቀና ሲል ሚስቱ ዘይባ ገበያው ዳር የእንሰት ቃጫዋን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ያንን ሁሉ አምጪው።»

«ገዢ ነህ ቀማኛ?» አለች። ፊቱን ስታይ ግን ተሸክማ መጣች።

ቃጫውን በውኃ ነክሮ ድምፁን እንዲያፍን በሞተሩ ክዳን ላይ ጠቀጠቀና ኮፈኑን ዘጋ።

«ምንድን ነው ይልሃል።»

«ልብሱ ነው በለው። የኛ አገር ብርድ ለእንግዳ አይሆንም።»

ሞተሩ ተነሣ። ማሬሻሎው ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጠፈ። ቀጭ ቀጭታው የለም። ከዚያ ፈገግ ብሎ ከድሮን በጣቱ ጠራው፤ ትእዛዙም እስከ ቡኢ ከተማ አብሮ ይሄዳል፣ ካሚዮኑ ከቆመ እሱም እዚያው ይቀራል።

መንገዱ ሲጋመስ ቃጫው ደርቆ መሽተት ጀመረ።

«ምን ይሸታል ይልሃል» አለ ገብረወልድ።

«ቆጮ እየጋገሩ ነው። የምሳ ሰዓት አይደል።»

ጥቂት እንደሄዱ፣ ቀጭ። ደግሞ ቀጭ። ገብረወልድ ሳይጠየቅ ዘፈን ለቀቀ። አህያ የሚያስደነብር ድምፅ ነበረው፤ አንድ አቀበት ሙሉ ዘፈነ። ማሬሻሎው በጥፊ ዝም ሲያሰኘው ሞተሩ ብቻውን ቀረ፣ ቀጭ ቀጭ እያለ። የማሬሻሎው እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ። ያኔ የቡኢ ቤቶች ብቅ አሉ።

ካሚዮኑ በራሱ እግር ገባ። ማሬሻሎው ኮፈኑን ከፍቶ የከሰለውን ቃጫ አየ፣ ሳይጠፋ የሚያወራውን ሞተር ሰማ፣ ከድሮን ትክ ብሎ ተመለከተው። ከዚያ በእጁ ሂድ አለው።

ከድሮ በእግሩ ተመለሰ። ዘይባ በር ላይ ጠበቀችው።

«ቃጫዬስ?»

«ቡኢ ደርሷል» አለና ደጃፉ ላይ ዘጭ አለ።