ያላመመኝ ቅዳሜ

በስደት ባደግሁበት ከተማ፣ ልጅ ሳለሁ ጅብ የሚኖረው የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላ ቦታ ስሙ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅማ። በየቅዳሜው እናቴ ከምንኖርበት ሰፈር ከሃውቶርን ታመጣኝና እዚያው ጎዳና ላይ ካለ አንድ ቅመም ሱቅ በላይ ወዳለው አዳራሽ ደረጃውን እየሮጥኩ እወጣለሁ። እዚያ ጋሼ ሰይድ አማርኛ ያስተምሩን ነበር። የወሎ ሰው ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ከኤርፖርት መንገደኛ በቫን ያመላልሱና ቅዳሜ ያንኑ የሥራ ጃኬት እንደለበሱ መምህር ይሆናሉ።

ያኔ ከትምህርቱ ይልቅ የምንጓጓው ለመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ነበር። ጋሼ ሰይድ ዓይን የሚወጋውን የጣሪያ መብራት አጥፍተው፣ ጥግ ያለችውን ትንሽ መብራት ብቻ ትተው፣ ከታች የሚመጣው የበርበሬ ሽታ እያስነጠሰን፣ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ተረት ይጀምሩልናል። ይጀምራሉ እንጂ አይጨርሱም። ልክ ጅቡ አፉን ሲከፍት ብድግ ብለው መብራቱን ያበሩና «የቀረው ለሳምንት» ይላሉ። እንዴት እንደምንጮህ! ዘዴያቸው ገብቶናል፤ ቢገባንም ግን ቅዳሜ ማንም አይቀርም ነበር።

ዘዴውን የተጠቀሙት ወደው አይደለም። አዳራሹን የሰጠን ማኅበር ተማሪው ከሃያ ካነሰ ክፍሉን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሯቸዋል። እኛ ደግሞ ልክ ሃያ ነበርን።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ የሳይንስ አስተማሪዬ መሐንዲሶች ስለ አውሮፕላን አሠራር ልጆችን በሚያስተምሩበት ፕሮግራም እንድገባ መረጠችኝ። ቦታው ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ደስታዬ ቅጥ አጣ፤ ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን እስካነብ ድረስ። እናቴ የመግቢያ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው። እንድማር ትፈልጋለች፤ ለጋሼ ሰይድ «ልጄን ላስወጣ ነው» ማለት ግን ሞት ሆነባት። ይሉኝታ ድሮም አያስቀምጣትም።

«እና ምን እንበላቸው?» አለችኝ፣ እኔ መልስ ያለኝ ይመስል። ከዚያ ስልኳን አነሳችና፣ «ጋሼ ሰይድ፣ ልጅቷን ትንሽ አሟታል፤ ነገ አትመጣም» አለቻቸው። በሚቀጥለው ሳምንትም አመመኝ። በሦስተኛውም።

እናቴ የረሳችው አንድ ነገር ነበር፤ የታመመ ሰው ይጠየቃል። በሦስተኛው ቅዳሜ ከፕሮግራሙ ስመለስ የጋሼ ሰይድ ቫን ደጃችን ቆሟል። በሩን ስከፍት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ከረጢት ብርቱካንና አሥራ ዘጠኙ ልጆች በተንጋደደ ፊደል «እግዜር ይማርሽ» ብለው የፈረሙበት ካርድ አለ። እናቴ «ተኝታለች» ብላቸው ኖሯል። እኔ የፕሮግራሙን ቲሸርት ለብሼ፣ በእጄ የሠራሁትን የእንጨት ክንፍ ይዤ፣ ላብ በላብ ሆኜ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ደህና ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«አልሀምዱሊላህ! እኔማ ምን ሆነችብኝ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። «ፕሮግራሙ ቅዳሜ ሆነብን፣ ጋሼ። እሷ ከወጣች ሃያ አይሞላም። ትምህርት ቤቱን እኛ እንዝጋው? እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»

ጋሼ ሰይድ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አልማዝ፣ እኔ ትምህርት ቤቱን የከፈትኩት ለልጆቹ ነው። አዳራሽ እንዲሞላልኝ ልጅሽን ውሸት ታስተምሪያታለሽ?» አሉ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥፋቱ የኔም ነው። ሃያ፣ ሃያ እያልኩ አስፈራኋችሁ» አሉ።

ከዚያ ስለ ክንፉ ጠየቁኝ። አየር እንዴት አውሮፕላን እንደሚያነሳ በተሰባበረ አማርኛዬ ስዘባርቅ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ሊሄዱ ሲነሱ መልሰው ተቀመጡና ባልነበርኩባቸው ቅዳሜዎች ያመለጠኝን ተረት ይነግሩኝ ጀመር፤ አህያዋ ወንዝ መሐል ቆማለች፣ ጅቡ ማዶ ይጠብቃታል። ለሳምንት ምንም ሳያስቀሩ፣ ወንዙ ዳር እስኪነጋና ጅቡ ተስፋ ቆርጦ እስኪሄድ ድረስ አወሩልኝ። ወደ ፕሮግራሙ እንድሄድ እንደለቀቁኝ የገባኝ ያኔ ነው፤ ተረቱ አልቆ አለቀስኩ።

ማኅበሩ ያለውን አደረገ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አዳራሹ ለሌላ ተሰጠ። ጋሼ ሰይድ የቀሩትን ልጆች ፒኮ ሮበርትሰን የሚባል ሰፈር ባለችው ጠባብ አፓርታማቸው እየሰበሰቡ ማስተማር ቀጠሉ፤ ግማሹ ልጅ ግን በዚያው መምጣት ተወ። ነገሩን ሳስበው ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። ግን ጋሼ ሰይድ እኔን በመልቀቃቸው ትክክል ነበሩ፤ በዚህ ተጠራጥሬ አላውቅም።

አሁን እኔም የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ የማስተምርበትን ትምህርት ቤትም ከልቤ እወደዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ ሁሉ የምትበልጠው ልጅ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ፣ የተሻለ ላብራቶሪ ወዳለው ትምህርት ቤት መዛወር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። የድጋፍ ደብዳቤውን እዚያው ጻፍኩላት። ርእሰ መምህሩ ይህን ሲሰማ፣ እሷን የመሰለች ተማሪ አግባብቼ ማስቀረት ሲገባኝ ደብዳቤ መጻፌ ገረመውና አኮረፈኝ። ያልፍለታል። ወንበሯ ባዶ ሆኖ ሳየው እኔንም ቅር ይለኛል። ሆኖም ያቺ ልጅ ከእኔ ለመለየት መታመም አላስፈለጋትም፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ነገረችኝ።