አንድ ጆንያ ሙታንታ

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የቆመ በእግር የሚነዳ የስፌት መኪና አላት። አባቴ የጣቢያው ሠራተኛ ስለነበር የእሱንም የጓደኞቹንም የሥራ ቱታ የምትሰፋው እሷ ነበረች። የሰፈሩ ሴቶች ግን ለሌላ ጉዳይም ይፈልጓት ነበር። በነጠላ የሸፈኑትን ነገር ይዘው ይመጡና ጠጋ ብለው ያንሾካሹኩላታል። ላስቲኩ የላላ ሙታንታ ነው። የአዋሽ ሙቀት ላስቲክ አይምርም። እናቴ ሳትጠየፍ ትቀበላቸውና አሮጌውን ላስቲክ ተርትራ አዲስ ታስገባለታለች። በጣም ያረጀውን ደግሞ ደህናውን ጨርቅ ብቻ ቆርጣ፣ ደራርባ፣ ለወር አበባ የሚሆን እየታጠበ የሚያገለግል ፎጣ ትሠራበታለች። ከእኛ ቤት የውስጥ ልብስ ሲጣል አይቼ አላውቅም።

እኔ አሁን ሰመራ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከሩቅ ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች ማደሪያ አለው፤ የማደሪያው ኃላፊም እኔ ነኝ። አብዛኞቹ የአርብቶ አደር ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ በየወሩ ጥቂት ቀን ከክፍል ይጠፋሉ። ሲጠየቁ «ራሴን አሞኝ ነው» ይላሉ። እውነቱን የነገረችኝ ከገዋኔ አካባቢ የመጣች አንዲት ረጅም ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ሞዴስ ይሰጡናል። ግን በምን እንያዘው?» አለችኝ።

የውስጥ ሱሪ የላቸውም። ሞዴስ የሚሰጡትም ሰዎች፣ እኔም፣ ይህን ሳናስበው ቀርተናል።

በእረፍት አዋሽ ስሄድ ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ ጠዋት አብረን ገበያ ስንሄድ ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን የልብስ ሱቃቸውን ሲያጸዱ አገኘናቸው። ድሬዳዋ ልጆቻቸው ዘንድ ጠቅልለው ሊሄዱ ነበር። በሩ ላይ የተከመሩ ካርቶኖች አሉ።

«ሐጂ፣ ይሄስ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«የሴቶች የውስጥ ልብስ ነው። ተቀምጦ ተቀምጦ ላስቲኩ ደረቀ። የተበላሸ ዕቃ ደህና ነው ብሎ መሸጥ ሐራም ነው፤ ላስጥለው ነው» አሉ።

እናቴ አንዱን አንስታ ገለበጠችው። ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችና ወደ ብርሃን ይዛ አየችው። ጥሩ ጥጥ ነው፤ ማንም አልለበሰውም።

«ጨርቁ ምን ሆነና ይጣላል? ለኔ ይስጡኝ» አለች።

«ውሰጂው፣ ልጄ። አላህ ይቀበለው» አሉ ሐጂ። ካርቶኖቹን እስከ በረንዳችን ድረስ ያደረሱልንም እሳቸው ናቸው።

ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ሴቶቹም የማይለብሱትን የጥጥ ሙታንታ አጥበው፣ በፈላ ውሃ ቀቅለው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው አመጡ። እናቴ እነዚያን ለብቻቸው አሰረቻቸው። የተለበሰው ለፎጣ ይቆረጣል፤ ያልተለበሰው ላስቲክ ይቀየርለታል። ሁሉም አንድ ትልቅ ጆንያ ሞላ። እኔ ይዤው ልሄድ ስሰናዳ እናቴ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

«ጨርቁን ብቻ ይዘሽላቸው ብትሄጂ ማን ያሳያቸዋል? አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ሰመራንም አይታ አታውቅም።

መንገድ ላይ ኬላ አለ። ፈታሾች አውቶቡሱን አስቆሙና ጆንያችንን ከጣሪያ ላይ አወረዱት። አንድ ወጣት ፈታሽ ጆንያውን አውቶቡሱ በር ላይ አስቀምጦ ወደ ውስጥ አንገቱን አስገባ።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ ነው» አለች እናቴ።

እጁን ከትቶ አንዱን መዘዘ፤ ምን እንደሆነ ሲያይ ቶሎ መለሰው። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተነሳ። እኔ ዓይኔን ጉልበቴ ላይ ተከልኩ።

«ማዘር፣ ይሄ ሁሉ ለንግድ ነው?»

እናቴ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳችና ወረደች። ከጆንያው አንዱን አውጥታ ፊቱ ለጠጠችው። ላስቲኩ ተንጣጣ፤ ስትለቀውም እንደተለጠጠ ቀረ።

«እንዲህ ያለውን ማን ይገዛኛል ብለህ ነው?» አለችው። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «ሰመራ የሚማሩ ሴቶች ልጆች አሉ። የውስጥ ልብስ አጥተው ከትምህርታቸው ይቀራሉ። ላስቲኩን ቀይሬ እሰፋላቸዋለሁ። እህት የለህም?»

«አለችኝ» አለ።

«እንግዲያው ይገባሃል።»

ሳቁ ቆመ። ልጁ ጆንያውን ራሱ አስሮ ወደ ጣሪያው መለሰው። «ይቅርታ፣ ማዘር» አለ። እናቴ ተመልሳ ስትገባ ከኋላችን የነበሩ አንዲት የአፋር ሴት በተሰባበረ አማርኛ «ለልጆቻችን ነው?» ብለው ጠየቋት። «አዎ» ስትላቸው ተነሱና ፀሐይ የማያገኘውን የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላት። እኔም ቀና አልኩ። ገዋኔ ለምሳ ስንወርድ ክንዷን ይዤ ነበር፤ ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው።

ሰመራ ማደሪያው ውስጥ ግን ነገሩ እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። ልጆቹን ሰብስበን ጆንያውን ስንፈታ አንድም ልጅ እጇን አልዘረጋችም። እርስ በርስ በአፋርኛ ተነጋገሩና የገዋኔዋ ልጅ ተናገረች።

«ቲቸር፣ ሰው የለበሰውን አንለብስም።»

ልቤ ትንሽ ተሰበረ። እናቴ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ልክ ናቸው። እኔም አልለብስም» አለች። አንዱን ከነላስቲኩ ወረወረችላት። «ይሄ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ያረጀ ነው እንጂ ሰው አልነካውም። አንቺ ራስሽ ጠግነሽ የመጀመሪያዋ ለባሽ ትሆኛለሽ። የተለበሰው እዚያ የታሰረው ነው፤ እሱ ይቆረጣል።»

ልጅቷ ለጓደኞቿ ተረጎመችላቸው። ከዚያ ቁጭ አለችና «እሺ፣ አሳዪኝ» አለች።

መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ስለቆመ ወጥተን ከግድግዳው ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። እናቴ ጉልበቷን ዘርግታ ላስቲኩ እንዴት እንደሚተረተር፣ አዲሱ በመርፌ ቁልፍ እየተሳበ እንዴት እንደሚገባ አሳየቻቸው። እሷ አፋርኛ አትችልም፤ አብዛኞቹም በአማርኛ ይሽኮረመማሉ። ስፌቱ የተጣመመባት ልጅ ስትኖር እጇን ትይዝና አብራት ትሰፋለች። ሙታንታ የሚለውን ቃል ሲሰሙ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ፓንት ማለት መሆኑን ስነግራቸው ተሳሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሙታንታ ማለት ጀመሩ። እናቴ እስክትሄድ ድረስ ከሰዓት ከሰዓት እንዲሁ ዋልን። የወር አበባውን ፎጣ ከውስጥ የመታጠቢያ ፎጣ ቁራጭ፣ ከላይ ለስላሳውን ጥጥ አድርገው ሰፉት። እንዴት እንደሚታጠብና ለምን ፀሐይ ላይ መድረቅ እንዳለበትም ነገረቻቸው፤ የማድረቂያ ገመድም ከማደሪያው ጀርባ አሰርንላቸው።

ከዚያ ወዲህ ራስ ምታቱ ቀነሰ። በከተማው ቢሮዎች የሚሠሩ ሴቶችም ሰምተው የማይለብሱትን አጥበው በፌስታል እያመጡ ይሰጡኛል። ጆንያው ሲሞላ የሚለዩትና የሚሰፉት ልጆቹ ናቸው፤ የገዋኔዋ ልጅ አዲስ የሚመጡትን ታስተምራለች። እናቴ ስልክ ስትደውል ስለኔ ጤና ከመጠየቋ በፊት ላስቲክ እንዳላለቀባቸው ትጠይቃለች።

ባለፈው የወላጆች ቀን የዚያች ልጅ አባት መጡ። ግመል የሚነግዱ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ከሰዎች ራቅ አድርገው ጠሩኝ፤ ልጅቷም አብራቸው ቆመች።

«ክረምት ቤት መጥታ እህቶቿን ሰበሰበች። መስፋት አስተማረቻቸው» አሉኝ። «እኔ የሴት ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። እናቷ ነገረችኝ። ጥሩ ነው።»

«በጣም ጎበዝ ናት» አልኳቸው።

«እሷን ያስተማረቻት ትልቅ ሴትዮ ናት ብላኛለች። አንቺ አይደለሽም።»

«አይደለሁም።»

«የት ናት? ላመሰግናት ነበር» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አዋሽ ናት። እናቴ ናት» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ራቅ ብለው የቆሙት መምህራን ዞር ብለው አዩኝ።