ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

በደርግ ጊዜ፣ ጊንጪ አስተማሪ ሳለሁ የደረሰብኝ ነው። ዛሬም ጥቁር የለበሰች ሴት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ሆዴን ያባባዋል።

የወሎ ልጅ ነኝ፤ ጊንጪ ዘመድ አልነበረኝም። ጡቴ ከልክ በላይ ትልቅ ነበር። ትከሻዬንና ወገቤን ይሰብረኛል፣ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪው ከኋላዬ ይንሾካሾካል፣ ገበያ ስወጣ ጎረምሳው ያፏጫል። አዲስ አበባ አንድ የውጭ አገር ሐኪም በቀዶ ጥገና እንደሚያሳንስ ስሰማ ክረምቱን ጠብቄ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። «እግዜር የሰጣትን ልታስቆርጥ ሄደች» እንዲሉኝ?

ሆስፒታል ውስጥ በጥየቃ ሰዓት የሌሎቹ አልጋ በሰው ይከበባል፣ ምሳ ዕቃ ይከፈታል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ እመስላለሁ። አንዲት የማላውቃት ጠያቂ፣ አሳዝኛት ነው መሰለኝ፣ ብርቱካን ልጣ ራስጌዬ አስቀምጣልኝ ሄደች። ያን ቀን አለቀስኩ።

ስወጣ ሐኪሙ በአስተርጓሚ፣ «ደረትሽን ምንም እንዳይጫነው። ካበጠ ወይም ከደማ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ» አለኝ። ምናልባት ቢደማ እንዳይታይብኝ ብዬ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ጥቁር ሻርፕ ደርቤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አይ ብልጠት!

ጊንጪ ስወርድ ያዩኝ ሰዎች ምንም አልጠየቁኝም። ጥቁር ለብሻለሁ፣ ከስቻለሁ፣ ፊቴ ገርጥቷል፤ ምን ይጠይቃሉ? ገና ቤቴ ገብቼ ጋደም ከማለቴ ግቢው በሴቶች ተሞላ። «እኔን! እኔን! እናቷ ናት መሰል!» ይባባላሉ። እናቴ ወሎ በደህና አለች! ተራ በተራ አቅፈው ደረታቸው ላይ እያጣበቁኝ ያለቅሳሉ። «ኧረ ማንም አልሞተብኝም» ልል አፌን ከፈትኩ። ታዲያ ጥቁሩ ምንድን ነው ቢሉኝስ? አፌን መልሼ ገጠምኩ። ከሕመሙ ብዛት እንባዬ ሲወርድ ደግሞ ባሰባቸው።

በግራ በኩል አንዳች ነገር ተወጠረ፤ ከዚያ ሙቅ ነገር ወደ ሆዴ ሲወርድ ተሰማኝ። ቀሚሱ ጥቁር ነውና ማንም አላየም። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ተቀምጬ ብቻዬን ልሞት ነው አልኩ። ይሉኝታ ክፉ ነው፤ እየደማሁም መናገር አቃተኝ።

በመጨረሻ አዴ ጫልቱ መጡ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጴንጤ ስለሆኑ እንደሌሎቹ ጮኸው አያለቅሱም። አቅፈውኝ በቀስታ ጸለዩ። ቀና ሲሉ ነጩ ነጠላቸው ደም ለብሷል። ነጠላውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ማል ታቴ? ልጄ፣ ምን ሆነሻል?»

በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«በሉ ውጡ፤ ልጅቷ ታማለች!» ብለው ሁሉንም አስወጡ። በዚያው ነጠላቸው ደረቴን ጠፍረው አምቦ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ይዘውኝ ሄዱ። አምቦ ሐኪም ቤት ስፌቱ ተከፍቶ የረጋው ደም ወጣ፣ የሚደማው ሥር ታሰረ። ብትዘገዪ ኖሮ አትተርፊም ነበር አሉኝ።

ስነቃ አዴ ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ይቆጡኛል ብዬ ዓይናቸውን ሸሸሁ።

«አዲስ አበባ ማን አስታመመሽ?»

«ማንም።»

«ሾርባ እንኳ ያመጣልሽ?»

የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እንባቸው መጣ።

«ምነው ልጄ፣ እኔ አለሁ አይደል? ብትነግሪኝ አብሬሽ እሄድ ነበር።»

አዴ ጫልቱ ካረፉ ቆይተዋል። በቀዶ ጥገናው አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም፤ ወገቤም ትከሻዬም አርፏል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስንት ማታ እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ በቀስታ ሲዘምሩ እየሰማሁ፣ እኔ ከወዲህ ሰው የለኝም እያልኩ አልቅሻለሁ።