አባቴ ተናግሮ ሳይጨርስ

ባለፈው ሳምንት ራሴን አሞኝ እዚሁ አዳማ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ገና በጠዋቱ ሙቀቱ ጀምሯል፤ ነፋሱ የባጃጁን ሸራ እያርገበገበ አቧራውን ፊቴ ላይ ያራግፈዋል። ክሊኒኩ ያምራል። ወለሉ የሚያዳልጥ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ መጠበቂያው ክፍል ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎበታል። አንዲት ነርስ ደም ግፊቴን ለክታ ወረቀት ላይ ጻፈችና ወደ ሐኪሙ አስገባችኝ።

ሐኪሙ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣ "ምንዎን ነው የሚያምዎት?" አለኝ።

"ራሴን ዶክተር። እኔ ደግሞ ከዚህ በፊት..."

"ችግር የለም ማዘር፣ ምርመራው ይነግረናል" ብሎ ወረቀት ዘረጋልኝ።

ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ ጠብቄ ተመለስኩ። ግፊትዎ ከፍ ብሏል ብሎ መድኃኒት አዘዘልኝና አሰናበተኝ። የገባሁበትን ሁለቱንም ጊዜ ብደምረው አምስት ደቂቃ አይሞላም። እጁ አልነካኝም። ፊቴን አይቶታል ብዬም አልምልም።

መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለችው ልጅ ማዘዣውን አይታ መድኃኒቱን ከሸጠችልኝ በኋላ፣ "እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" አለችኝ። ለዓመታት የምወስደውን የግፊት መድኃኒት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን አድርጋ አነበበቻቸውና ደነገጠች።

"እነዚህ እኮ አንድ ናቸው! ስማቸው ነው እንጂ የሚለየው መድኃኒቱ አንድ ነው። ሁለቱንም ቢወስዱ ኖሮ ግፊትዎ ወርዶ ይጥልዎት ነበር።"

ለሐኪሙ ልነግረው የነበረው እኮ ይህንኑ ነው! መድኃኒት እንደምወስድ። ሰላሳ ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ቤቴ ገብቼ ምሳ ቀርቦልኝ መብላት አቃተኝ። ንዴቱ ደግሞ የዚያ ቀን ብቻ አልነበረም። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው የአባቴ ነገር ተቀስቅሶብኝ ነው።

አባቴ ጋሽ ይማም የሞጆ ቆዳ ነጋዴ ነበር። በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ እዚያው ቤት ሠርቶ፣ ትዳር ይዞ ቀረ። ግቢያችን ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ የቆዳ ማከማቻ ነው። ከየገጠሩ የሚመጣውን ቆዳ ጨው እየነሰነሰ ይደራርበውና ሲበረክት በመኪና ጭኖ ለፋብሪካ ያስረክባል። የዚያን ግቢ ሽታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ይብሳል። እንግዳ ከበር ሲገባ አፍንጫውን ሊይዝ እጁ ይነሳና አባቴን ሲያይ መልሶ ያወርደዋል። እኔ ልጅ ሳለሁ ልብሴ እንዳይሸት ከቤት ርቄ ነበር የማሰጣው። አባቴ ግን አንድም ቀን አፍሮበት አያውቅም። "ያስተማረሽ እኮ ይኼ ሽታ ነው ፋጤ" ይለኝ ነበር።

ነገሩ ሲሆን ሃያ ዓመቴ ነው። የመምህርነት ሥልጠና ጨርሼ ምደባ እየጠበቅሁ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ከሞጆ ዙሪያ ያለው የጤፍ ማሳ ቢጫ ሆኖ ማጨጃው ደርሷል። አባቴ ቀኝ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ ትንኝ የነከሰው የሚመስል ነገር ወጣበት። አሳከከው። በሁለተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያ መሃሉ እንደ ከሰል ጠቆረ። የሚገርመው ግን አያመውም ነበር። ስለማያመውም ሐኪም ቤት መሄድ አልፈለገም። እኔ ነኝ ጨቅጭቄ ናዝሬት ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል የወሰድኩት። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት።

በማለዳው አውቶቡስ ሄደን ካርድ አውጥተን ተራ ያዝን። አግዳሚው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል። ወባ የሚያንቀጠቅጠው የወንጂ ሠራተኛ አለ፤ ከቆቃ በኩል የመጣች ነፍሰ ጡር አለች፤ ልጃቸውን በነጠላ የጠቀለሉ እናት አሉ። እኩለ ቀን ላይ ከበሩ ፓፓያ ገዝቼ ለአባቴ ቆራርጬ ሰጠሁት። አንዷን ቁራጭ በላና የቀረውን ከጎኑ ለተቀመጠው በሽተኛ አሳለፈለት። ተራችን የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው።

ሐኪሙ አርባዎቹን ያጋመሱ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ጠረጴዛቸው ላይ የካርድ ቁልል ተከምሯል። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ቆመ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ፣ እየጻፉ።

"ሳምንት ሊሆነው ነው ጌታዬ። እኔ እንግዲህ ሥራዬ..."

"እባጭ ነው። ይኼን ቅባት ቀባው። ቀጣይ!"

አባቴ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደ፣ ወረቀቱን ተቀበለ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ሐኪም ተናግሯል፣ አለቀ! ያኔ እንደዚያ ነበርን። አሁንም ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን።

ቅባቱን ቀባነው። በሦስተኛው ቀን ክንዱ እስከ ትከሻው አብጦ እጅጌ አላስገባ አለ። ትኩሳቱ ጨመረ። ከግቢው ጥግ በሰሌን ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ ከሉሜ ቆዳ የሚያመጣለት ቱፋ የሚባል ገበሬ አህያውን እየነዳ ገባ። አባቴና ቱፋ የብዙ ዘመን ወዳጆች ናቸው፤ አንዱ በኦሮምኛ ሌላው በአማርኛ ጀምረው መሃል ላይ የሚገናኙ ሰዎች ነበሩ።

"አካም ጅርታ ያ ይማም?" ብሎ ሊጨብጠው ጎንበስ ሲል ክንዱን አየ። እጁን መለሰ።

"ኩን አባ ሰንጋቲ!" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ይኼ አባ ሰንጋ ነው ልጄ! ከብት የሚገድለው በሽታ። ሞቶ ከተገፈፈ ከብት ቆዳ ነው የያዘው። ሐኪሙ አላየውም?"

"አይቶታል" አልኩት።

"አላየውም" አለ ቱፋ። "ያየ ሰው ይህን እባጭ አይለውም።"

ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በአንድ እይታ ያወቀውን! በሽታው አንድ በሬውን ገድሎበታል፤ የወንድሙን ልጅም አሞበት ያውቃል። አባቴም ያን ቀን ሊናገር የፈለገው ቆዳ እንደሚነግድ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ቢያልቅ ኖሮ ሐኪሙም ባወቁት ነበር።

እናቴ ታናናሾቼን ይዛ ቀረች። ቱፋና እኔ አባቴን ደግፈን የጭነት መኪና ላይ አወጣነው። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠልን። ከሞጆ ናዝሬት መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። አባቴ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ የጤፉ ማሳ ላይ ተተክሏል። ከናዝሬት መናኸሪያ ጋሪ ያዝን፤ የፈረሱ ኮቴ ድምፅ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ተራ ያዙ አለን። አልያዝኩም። የተቀመጠውን ሕዝብ ሁሉ አልፌ የዚያኑ ሐኪም በር ከፍቼ ገባሁ። ሰው እየመረመሩ ነበር።

"ምንድን ነው ይኼ? ውጪ!" አሉ።

"ዶክተር፣ አባቴን ከሦስት ቀን በፊት አይተውታል።"

"የቱን?"

"አያስታውሱትም። አላዩትማ!" በጣቴ ወደ ኮሪደሩ ጠቆምኩ። "ሥራውን ሊነግርዎ ሲል ቀጣይ ብለው አስወጡት። አባቴ ቆዳ ነጋዴ ነው። ክንዱ ላይ ያለው አባ ሰንጋ ነው። እዚህ በር ላይ ሊሞት ነው!"

ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ብዕራቸውን አስቀመጡ። የሚመረምሩትን ሰው ይቅርታ ጠየቁና ኮሪደሩ ላይ ወጥተው አባቴ እግር ሥር ተንበረከኩ። ክንዱን በጓንት ይዘው ዞር ዞር አድርገው አዩት።

"ያምዎታል?"

"አያመኝም ጌታዬ።"

"አለማመሙ ነው ክፉው" አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ነርሷን ጠርተው ፔኒሲሊን አስጀመሩ፤ አልጋ እስኪገኝ ድረስም ከአጠገቡ አልራቁም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስፈሪ ነበሩ። እብጠቱ አንገቱን ይዞ ትንፋሹ ያጥር ጀመር። ሐኪሙ ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት በየማለዳው ይመጣሉ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይጠይቃሉ። እንዴት አደሩ ብቻ አይደለም። ቆዳውን ከማን ገዛው፣ በየትኛው እጁ ያነሳዋል፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚነካው ሰው አለ ወይ? በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ። አባቴ አጥሚት ጠየቀኝ። የዚያን ጊዜ ነው ከኮሪደሩ ጀርባ ሄጄ ያለቀስኩት።

በማግስቱ ሐኪሙ ሁለት ነርሶችና አንድ ተማሪ አስከትለው መጡ። በእነሱ ፊት እንዲህ አሉ፤ "ጋሽ ይማም፣ ያን ቀን ሊነግሩኝ ነበር። አላስጨረስኩዎትም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

አባቴ ተሳቀቀ። "ኧረ ዶክተር! ሰው በዝቶብዎት ነው። እኔም ድምፄን ከፍ አላደረግሁም።"

በአባቴ በጣም ተናደድኩ። ሊገድለው የነበረውን ሰው ያጽናናዋል!

ሐኪሙ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይሆንም። የእርስዎ ሥራ መታመም ነው፤ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነው።"

በእሑዱ እናቴ ቤት ውስጥ ሳለች የግቢው በር ተንኳኳ። ሐኪሙ ነበሩ፤ ከሞጆ ጤና ጣቢያ አንድ ሰው ይዘው በራሳቸው ዕረፍት ቀን መጡ። ያ ሁሉ ሽታ እያለ አፍንጫቸውን አልያዙም። የእናቴን እጅ፣ የልጆቹን እጅ፣ ቆዳ የሚሸከሙትን የሁለቱን ሰዎች እጅ ተራ በተራ አዩ። ከሸካሚዎቹ አንዱ አንገቱ ላይ ገና ውሃ የቋጠረች ነገር ተገኘችበት፤ ያንኑ ዕለት መርፌ ተወጋ። የተጠረጠረው ቆዳ ተለይቶ ተቃጠለ። እሳቸው የነቢያት ጾም ይዘው ስለነበር እናቴ ምስር ወጥ አቀረበችላቸው፤ ከግቢው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሉ፣ ደግማ ስታወጣላቸውም እንቢ አላሉም።

አባቴ ድኖ ወጣ። ክንዱ ላይ እንደ እጅ መዳፍ የሰፋ ጠባሳ ቀረበት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ የልጅ ልጆቹን አይቶ ነው የሞተው።

ይህንን ሳስብ ሰንብቼ ሰኞ ዕለት ወደዚያ ክሊኒክ ተመለስኩ። ለመታከም አልነበረም። ብዙዎቻችን ሐኪም ሲበድለን ዝም ብለን ሌላ ክሊኒክ እንሄዳለን፤ የበደለን ሰው መሳሳቱን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። ይወቅ ብዬ ነው። ሁለቱን ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የሆነውን ነገርኩት። አየ። እኔን ሳይሆን ካርቶኖቹን።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ማዘር?" አለኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ ብዬዋለሁ። ያቺን ከሰማሁ በኋላ አልቻልኩም።

"ልጄ፣ ልነግርህ ስጀምር እኮ ምርመራው ይነግረናል አልከኝ!"

"በቀን ስንት ሰው እንደማይ ቢያውቁ!" አለ። "በሉ አዲሱን ይተዉት፣ የድሮውን ይቀጥሉ።" ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ።

ሰው እንደሚበዛበት አውቃለሁ። ድካሙንም አልክድም። የናዝሬቱ ሐኪም ኮሪደርም ግን ባዶ አልነበረም፤ ያኔ ያ ሁሉ መሣሪያም አልነበረም። እሳቸውም ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውም ከዚህኛው የከፋ ነበር። የድሮ ሐኪም መልአክ ነበር የሚለኝን ሰው አልሰማውም፣ በዓይኔ አይቻለሁና። እኔን የሚያቃጥለኝ መሳሳቱ አይደለም። አንዱ ሲነገረው ተንበረከከ፤ ሌላው ሲነገረው በሽተኛዋን ወቀሰ። ማሽኑ ሁሉ ተገዝቶ፣ ወለሉ ሁሉ አብረቅርቆ፣ ማፈር የሚባለው ነገር የት እንደገባ ማን ይነግረኛል?

ስወጣ ልጅ የታቀፈች ወጣት እናት በሩ ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። "እማማ፣ ጥሩ ሐኪም ነው?" አለችኝ ዝግ ብላ።

ምን ልበላት? የልጇ ትኩሳት ከሩቅ ያስታውቃል፤ ሂጂ ብዬ አልመልሳት።

"ግቢ" አልኳት። "ግን ያለሽን ሁሉ ነግረሽ ሳትጨርሺ ከወንበሩ እንዳትነሺ።"