ዓሣ የማይስማማት ድመት

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሳልፍ የሚጠበስ ዓሣ ሽታ ከመጣብኝ፣ ታቦር ሰፈር የነበረው ቤታችንና ድመታችን ሚጡ አብረው ይመጡብኛል። ሚጡ የትንሽ ሴት ልጅ ቁልምጫ ነው፤ በቤቱ የነበረችው ትንሽ ሴት ልጅ ግን እኔ ነበርኩ። አባባ ፒያሳ ያለውን የጨርቅ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኩት፣ መጀመሪያ እሷን ያነሳ ነበር። እቀናባት ነበር።

በጥቅምት ደህና ነበረች። ቤታችን ዓሣን ከጾም ምግብ የሚቆጥር ስለነበር፣ የገና ጾም ሲገባ እናቴ ሥጋውን ትታ ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ታስመጣለች፣ ጭንቅላቱ ለሚጡ ይደርሳታል፣ እሷም አንገቷን እስኪደማ ታካለች። አባባ ቁንጫ ነው ብሎ ያጥባታል፤ እናቴ ደግሞ «ከስታለች፣ ዓሣ ጨምሩላት» ትል ነበር። ሐዋሳ ላይ ዓሣ የማይስማማው ድመት አለ ብሎ ማን ያስባል?

በዓቢይ ጾም ባሰባት። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ዳማከሴ ይበቃኝ ነበር፤ እሷን ግን አባባ በባጃጅ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዳት፣ እኔም አልቅሼ ተከተልኩ።

«መቼ መቼ ነው የሚብስባት?» ሲል ሐኪሙ ጠየቀ።

አባባ ጣቶቹን እያጠፈ ወራቱን መቁጠር ጀመረ። እኔ ግን የቀናሁባትን ከዓይኔ አልለይም ነበርና «ጾም ሲገባ ይጀምራታል፣ ሲፈታ ይተዋታል» አልኩ።

ሐኪሙ በጾም ዓሣ እንደምንሰጣት ሲሰማ ሳቀ። «በሉ ዓሣውን ለሁለት ወር ፈጽሞ አያቅምሷት፤ ቁስሏንም በየቀኑ ይዩላት» አለው።

እንዲህ ሆኖ በጾመኛ ቤት ሥጋ የምትበላው እሷ ብቻ ሆነች፤ ያውም እኔው በተናገርኩት! አባባ ግን «ያወቅሽው አንቺ ነሽ፣ አብረን እናያታለን» ብሎ፣ ማታ ማታ አጠገቡ አስቀምጦኝ የጆሮዋን ሥር ፀጉር እየገለጥን እናይ ነበር። ትከሻው ትከሻዬን ይነካኝ ነበር። ክረምት ሲገባ ፀጉሯ ሞላ፣ የምናየውም አለቀ፣ አባባም ብቻውን ያቅፋት ጀመር። በመዳኗም ቀናሁባት።

ዛሬ አባባ አርጅቶ ከእኔ ጋር ይኖራል፤ ከሥራ ስመለስ በር ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ነው፣ ያውም ሌላ ድመት ታቅፎ። አሁንም ቅር ይለኛል። በቀደም «ነይ እስቲ፣ ይቺ ጆሮዋ ሥር ምን ሆናለች?» ብሎ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለልኝ። ምንም አልሆነችም። እኔ ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ፀጉሯን እየገለጥኩ፣ ቀስ ብዬ ፈለግኩ።