ከአዲስ አበባ ያልመጣው የማኪና በር

አባቴ ጀርባውን ለማኪናዋ ሰጥቶ፣ ጋቢውን እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ቆሞ ሳየው ጉድ እንደፈላ ገባኝ። ኪዳን አድርሶ መመለሱ ነው። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን አንግቤ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ሥራዬ ልወጣ ነበር።

«ምነው አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። ሂጂ አንቺ፣ ይረፍድብሻል።»

እኔ ሂጂ ስባል የምሄድ ሰው አይደለሁም። ጋቢውን ገለጥ አደረግሁት። የሾፌሩ በር ከእጀታው ጀምሮ እስከ ታች ወደ ውስጥ ገብቷል። ነጩ ቀለም ላይ አረንጓዴ ተለቅልቋል።

«አህያ ናት» አለ ቀልጠፍ ብሎ። «እንጨት የጫነች አህያ መጥታ ተላተመችብኝ።»

«አረንጓዴ አህያ?»

የግቢያችን በር አረንጓዴ ነው። ዞር ብዬ ሳየው ጠርዙ ላይ ነጭ ቀለም ይዟል። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጡብኝ። አባቴ ግን ፊቱን አልፈታም፤ «ሽማግሌ መቼም አይታመንም» ብሎ ጭራሽ እሱው ተቀየመ።

አባቴ ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌርነት የጨረሰ ሰው ነው። ሊማሊሞን በጭጋግ ስንቴ ወጥቶ ስንቴ እንደወረደ ሲያወራ አይጠግብም። ጡረታ ሲወጣ ይችን አሮጌ ነጭ ማኪና ገዛ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ሌላ የቀረው ነገር የለም። በየወሩ በሚካኤል ዕለት ከከተማ ወጣ ብሎ በተወለደበት በኮሶዬ ማኅበር አለው። አብሮ አደጎቹ፣ እንደሱ ከተማ ገብተው የቀሩ ሽማግሌዎች፣ በማለዳ እኛ በር ላይ ይሰበሰባሉ። ከእነሱ መሀል መንዳት የሚችል እሱ ብቻ ነው። ጭኗቸው ሲወጣ ማየት ነበረባችሁ፤ ክላክሱን ያለ ምክንያት ይነፋል፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይላል። መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው፤ ገደልም አለው።

ችግሩ ዓይኑ ነው። የዓይን ግፊት አለበት፤ ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ያለውን አጥርቶ ያያል። ሐኪሙ ግን «ከጎንዎ ያለው እየጠፋብዎ ከመጣ መንዳት ያቆማሉ፤ የጠፋው አይመለስም» ብሎት ነበር። «አልጠፋብኝም» ይለኛል በጠየቅሁት ቁጥር። እኔም አምነው ነበር።

«ቀለም ቀቢውን ጠርቼዋለሁ» አለኝ። «እዚሁ ግቢ ውስጥ ቀባ ቀባ አድርጎ ለሚካኤል ያደርስልኛል። ጋራዥ ምናምን እንዳትዪኝ!»

ቀለም ቀቢው ቤት ለቤት እየዞረ የሚሠራ፣ ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነው። መርጫውን፣ ስቱኮውንና ብርጭቆ ወረቀቱን በባጃጅ ጭኖ መጣ። አባቴን እንደ ዘመድ ጉንጩን ስሞ ሰላም ሲለው ትንሽ ገረመኝ። ከዚያ በሩን መፋቅ ጀመረ። ጥቂት እንደፋቀ የድሮው ስቱኮ እንደ ደረቀ ጭቃ ተቀርፎ ወደቀ። ከሥሩ ሌላ ጭረት፣ ከሱም ሥር ሌላ።

«ይኼ እኮ የራሴ ሥራ ነው!» አለ ደስ ብሎት። «ይኼኛውን ለጥምቀት ሰሞን ነው የሠራሁት። የኋለኛውን በር ደግሞ ለፋሲካ። ይኼ ታች ያለው መቼ ነበር አባባ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ዘግተህ ሥራህን አትሠራም!» ብሎ አባቴ ጮኸበት።

ክው አልኩ። እኔ ሆስፒታል ስውል እሱ እዚህ ያስቀባል፤ ማታ ስመጣ ማኪናዋ ንጹሕ ሆና ትጠብቀኛለች። ጠጋ ብዬ ሳያት ነጩ ራሱ አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም። የቀኝ ጎኗ አንድም ነገር አልነካውም። የተቀባው ሁሉ በግራ በኩል ነው።

ቀለም ቀቢው ነገሩ እንደተበላሸ ገብቶት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ በስቱኮ ደልድዬ እስከ ከሰዓት አደርሰዋለሁ፤ ማንም አያውቅም። ግን በሩ ከውስጥም ከውጭም አይከፈትም። እሱ የጋራዥ ሥራ ነው፤ በሩ ራሱ መቀየር አለበት።»

«መከፈቱ ምን ያደርግልኛል?» አለ አባቴ። «በወዲያኛው በር እገባለሁ።»

ኧረ በስመአብ! ኮሶዬ መንገድ ላይ፣ በማይከፈት በር ውስጥ፣ ከኋላ ሽማግሌ ሞልቶ! ታየኝ። «እነዚያን ሽማግሌዎች ይዘህ ገደል ልትገባ ነው?» ብዬ ጮህኩ፣ ሰው ፊት መሆኑን ረስቼ።

አባቴ አልጮኸም። ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ማኪናዋ ጋራዥ ከገባች አትወጣም። እኔም አልወጣም» አለ።

አንጀቴን በላው። ባስቀባለት ሰው ማስፈጀቴ ነው፤ ባላስቀባለት እሱን መግደሌ ነው። ወዲህ ብል ወዲያ ብል መውጫ አጣሁ። እሱም ጨንቆት እኔም ጨንቆኝ ቆመን ስንተያይ ቀለም ቀቢው ዕቃውን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። በመጨረሻ ቁልፉን ከአባቴ እጅ ወሰድኩት፤ አልታገለኝም።

በቀኙ በር ገብቼ ወደ መሪው ተንፏቀቅሁ። የተጨረመተው በር ጉልበቴን ተጫነኝ። በሌላው በኩል አባቴ ገብቶ ዘጋው። ቢጨንቀኝ እንኳ እሱን ሳላስወርድ መውጣት አልችልም። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ወደ ጋራዡ ስንወርድ፣ መታጠፊያ በደረስን ቁጥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን እየያዘልኝ ነበር።

ጋራዡ እንደ ከተማችን ጋራዦች ሁሉ ጠባብ ነው። ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ያለው ማኪና በር አጠገብ ይቆማል። ብዙ የሚቆየው ከውስጠኛው ግድግዳ ይጠጋና ሌሎቹ ፊቱን እየዘጉበት ይደረደራሉ። አንዴ ከታጠረ የፊቶቹ ሳይወጡ አይወጣም። ባለቤቱ አባቴን ከሥራ ዘመኑ ጀምሮ ያውቀዋል። በሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«በሩ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ መቼ እንደሚመጣ እንጃ። ለጊዜው እንዲከፈት አድርጌ ቀለም ላስነካው ካላችሁ ግን ለሚካኤል አደርሳለሁ። የት ላቁማት? በር ላይ ወይስ ውስጥ?»

ከቤት ስወጣ ቁርጤን አውቄ ነበር፤ አባቴ አጠገቤ ቆሞ ግን «ውስጥ» የምትለዋን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ስልኬ ጠራ፤ ከሥራ ነው፣ የት ቀረሽ የሚል። እግዜር ይስጣቸው ብዬ ፈንጠር አልኩ።

ስመለስ አባቴ የሰውየውን ክንድ ይዞ ያወራዋል። ጀርባው ወደ እኔ ነው፤ ከጎኑ መድረሴን አላየም።

«ውስጥ አግባት» ይለዋል። «ከግድግዳው አስጠጋት። ያን ሚኒባስም ፊቷ አቁምባት። እኔ መጥቼ ብለምንህ፣ ብቆጣህም እንኳ፣ እንዳታወጣልኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ሰውየው፣ መሬት መሬት እያየ።

ወደ ኋላ ተመልሼ አዲስ እንደመጣ ሰው ኮቴዬን እያሰማሁ ደረስኩ። ማኪናዋ ስትገባ አብረን አየን። ከዚያ ሚኒባሱ ፊቷን ዘጋው።

የሚካኤል ዕለት ሽማግሌዎቹ እንደ ወትሮው በማለዳ መጡ። «ማኪናዋ ታማለች» አላቸው አባቴ። «እግዜር ይማራት» ብለው ሳቁ፤ በሕዝብ ማመላለሻ ሊሄዱም ይዘውት ወጡ። ማታ ሲመለስ መንገዱ እንዴት ነበር ብዬ ስጠይቀው፣ «ሾፌሩ ማርሽ አያውቅም» አለኝና ተኛ።

ያ ካለፈ ቆይቷል። በሩ መጥቶ ተገጥሟል፤ ማኪናዋ አልቃ፣ ታጥባ፣ ጋራዡ በር ላይ ቆማለች። የጋራዡ ባለቤት «ኑ ውሰዱልኝ፣ ቦታ ያዘችብኝ» እያለ ይደውልልኛል። «ትንሽ ታገሰኝ» እለዋለሁ። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ማታ ጠብታውን ሳደርግለት አባቴ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ይጠይቀኛል።

«በሩ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም አባዬ።»

«ተይ፣ አታስቸኩያቸው» ይለኛል።