ያልተሸጠችው በቅሎ

ልጅ ሳለሁ አቃቂ ላይ መብራት ሲጠፋ ከሰፈሩ ልጆች ቀድሜ እልል የምለው እኔ ነበርኩ፤ መብራት ጠፋ ማለት ጎረቤታችን አባባ ሰይድ ኩራዛቸውን ለኩሰው፣ የከሰል ምድጃቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው ተረት ይጀምራሉ ማለት ነዋ! ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ሰው ነበሩ። ቁጡ ናቸው፤ መሃል ገብቶ የጠየቀ ልጅ ወዮለት።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የአንድ ነጋዴ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ሰውየው ጠንካራ የጭነት በቅሎ ነበረችው። ሊሸጣት አያስብም፤ ግን በየገበያው ቀን «ይቺ በቅሎ ስንት ታወጣለች?» ብሎ ሳይጠይቅ አይውልም። ብዙ ሲሉት ገብስ ያበላታል፣ አንገቷን ያቅፋታል፤ ትንሽ ሲሉት ይሰድባታል፣ ጦሟን ያሳድራታል። አንድ ቀን ዋጋዋ ክፉኛ ወረደና «ዛሬስ ባገኘሁት ልሸጥሽ ነው» ሲላት በቅሎዋ ዞር ብላ በሰው አፍ ተናገረች! እዚህ ላይ አባባ ሰይድ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያኔ የፍሙ ቅላት ፊታቸው ላይ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ጭሱ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ ትንፋሼን ውጬ ሳዳምጥ፣ በቅሎዋ ራሷ ከጨለማው ውስጥ የምትናገር ይመስለኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ ትናንት የተሸከምኩትን ዛሬም ተሸክሜያለሁ። ያነከስኩ ዕለት ሽጠኝ። እስከዚያ የሚወጣ የሚወርደው ያንተ ልብ ነው፤ እኔ ያው በቅሎ ነኝ።»

አላስችል አለኝና «አባባ፣ ኋላስ ስንት ተሸጠች?» አልኩ።

«ወላሂ ይቺ ልጅ! አልተሸጠችማ! ተረቱ እኮ እሱ ነው!»

ልጆቹ ሳቁብኝ። 

ዘንድሮ ለልጃችን ትምህርት ብለን የገዛነው አክሲዮን ዋጋው ሲያሽቆለቁል፣ ባለቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ውስጥ ስልኩን ይዞ ይንቆራጠጥ ጀመር። «ጨርሶ ሳያልቅ ሽጪው!» ይለኛል። አልዋሽም፣ እኔም ፈራሁ፤ የልጄ ነገ እኮ ነው። ግን ስለ ድርጅቱ ጠየቅሁ፣ አጣራሁ። ሥራው አልቆመም፣ ደንበኞቹም አልሸሹም። አላነከሰም። ሳልሸጠው ስልኬን ዘጋሁት።

ዋጋው ይመለስ አይመለስ ገና አላውቅም። ያቺ በቅሎ ከዚያ ጨለማ ተነስታ ሳሎኔ ድረስ መምጣቷ ግን ይደንቀኛል። ባለቤቴ ትናንትም ከሥራ ሲገባ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ዛሬስ ስንት ገባ?» አለኝ።

«አልተሸጠችማ!» አልኩት፣ በአባባ ሰይድ ቁጣ።

ልጄ ከክፍሏ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ማናት ያልተሸጠችው?» አለች።

«ነይ ቁጭ በይ» አልኳትና መብራቱን አጠፋሁት።